የአያቴ አሮጌ የጭቃ ቤት፦ ልጠግነው ወይስ ላፍርሰው?

የደጋዋ (ሚያዝያ 15)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ነገሩን ከሥሩ ካልተናገርኩት ስለማይገባ ትንሽ ይረዝማል።

አያቴ እማሆይ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆነ። ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲኬድ ከዋናው መንገድ ግማሽ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው አላደረበትም። ቁልፉን የያዙት ጎረቤት አልፎ አልፎ ከፍተው ያናፍሱታል፣ ያ ብቻ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ከተማ አስተምራለሁ። የቤት ኪራይ አንገሽግሾኛል። ከዚያ በላይ ግን ያ ግቢ ያደግኩበት ነው፣ ሲፈርስ ቆሜ ማየት አልፈልግም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አንቺ ግቢበት» ብሎኛል። ለፋሲካ ሄጄ አራት ቀን ሰንብቼ መጣሁ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ጭስ ቤቱ ከጀርባ ለብቻው አለ። ወንዱ አያቴ በ1958 ዓ.ም. እንዳሠሩት ነው የሚነገረው። ቋሚው ጥድና ወይራ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ከውጭ ከሥሩ እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ ተደርድሮበታል። መጀመሪያ የሳር ክዳን ነበር፣ ቆርቆሮ የገባው በኋላ ነው። ወለሉ አፈር ነው። በሩና መስኮቱ የጥድ ጣውላ ነው፣ ማጠፊያው ይዛግ እንጂ እንጨቱ ዛሬም ንቅንቅ አይልም።

ችግሩ ብዙ ነው። በዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ ከሥሩ ርሷል፣ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። ከአራት ዓመት በፊት አጎቴ አንድ ግንበኛ አምጥቶ የፊቱን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስኖት ነበር። አሁን ልስኑ ሆዱን ነፍቶ በሰፌድ በሰፌድ እየተነሳ ይወድቃል። ከኋላው ያለው ጭቃ ዱቄት ሆኗል። ቆርቆሮው ሦስት ቦታ ያፈሳል። ቁንጫው አይወራም፣ አራት ቀን አላስተኛኝም።

ግቢውማ ጫካ ነው። ጌሾው ከሰው ቁመት በላይ ሄዷል። ሁለት ያረጁ የኮክ ዛፎች፣ አንድ ትልቅ ኮሶ፣ ከቤቱ አራት እርምጃ ርቀት ላይ ሰባት ባሕር ዛፍ በመስመር አሉ። የድሮው በረት የነበረበት ቦታ ሳማ ወርሶታል።

ግማሹ ሰው አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪ ይለኛል። ግማሹ ደግሞ እንዳትነኪው ይላል። የቆጠብኩት ገንዘብ ብዙ አይደለም። ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ነው የቀረው። ከየት ልጀምር?

ብሎኬቱ (ሚያዝያ 15)

እህቴ፣ ለአንቺ ብዬ ነው የምነግርሽ፣ አፍርሺው። የጭቃ ቤት ጥገናው አያልቅም። እናቴ ዕድሜ ልኳን መስቀል በደረሰ ቁጥር ስትመርግና ስትለቀልቅ ነው የኖረችው፣ ወገቧም የተጎዳው በዚያ ነው። ለእሷ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት የሠራሁላት ቀን እንዴት እንዳለቀሰች እስከ ዛሬ አልረሳውም። ብሎኬት አንዴ ተሠራ ተሠራ ነው። አይጥ አይበሳውም። ገንዘቡ ካልበቃሽ ዘንድሮ አንድ ክፍል ሥሪ፣ ሲመጣ ትቀጥያለሽ። አስተማሪ ነሽ፣ ቅዳሜና እሁድሽን ጭቃ ስትረግጪ ልታሳልፊ ነው?

አናጢው (ሚያዝያ 16)

እኔ በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ብሎኬትም ጭቃም። ወንድሜ ስለ እናቱ ወገብ የተናገረው እውነት ነው፣ አልከራከረውም። ሥራው ከባድ ነው፣ ሸክሙም የሴት ሆኖ ነው የኖረው። ግን ቤቱን ሳያዩ አፍርሺ ማለት አይገባም። የጥድና የወይራ ቋሚ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። አገር በቀል ዛፍ ስለሆነም ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው። ካፈረስሽው በምትኩ የምታቆሚው ባሕር ዛፍ ነው፣ ያልታከመ ባሕር ዛፍ ደግሞ መሬት ውስጥ ተቀብሮ እንደ ወይራ አይሰነብትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቢላ ያዢና እያንዳንዱን ቋሚ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውጊው። እንጨት የሚበሰብሰው እዚያ ነው፣ አፈርና አየር የሚገናኙበት አንድ ስንዝር ላይ። ቢላው የጣት አንጓ ያህል ከገባ ያ እግር አልቆለታል። ጥፍር ያህል ብቻ ከገባ አትንኪው፣ ከእኔና ካንቺ በላይ ይኖራል። ቁጠሪና ንገሪኝ። ከሃያው አራት አምስቱ ቢሆን ቤቱ ይድናል። ግማሹ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው።

የበሰበሰ እግር መቀየር የሚያስፈራ ሥራ አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው የሚፈልገው። ጣሪያው ካረፈበት አግዳሚ ሥር ወፍራም ድጋፍ እንጨት አቁመሽ በሽብልቅ ትንሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ያኔ ክብደቱ ከቋሚው ላይ ይነሳል። ከዚያ የበሰበሰውን በመጋዝ ቆርጠሽ፣ ከሥሩ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልተሽና ጠቅጥቀሽ፣ ከላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ታስቀምጪና ቋሚውን እሱ ላይ ታሳርፊዋለሽ። ድንጋዩ ከወለሉ ከፍ ይበል። እንጨቱ ሁለተኛ አፈር እንዳይነካ ነው። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ብቻሽን ግን አትሞክሪው፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ግድግዳሽ የራሰው ጭቃ ስለሆነ አይደለም። ድንጋዩ ከሥር እስከ ጉልበት ነው ብለሻል። በዳገቱ በኩል ድንጋዩ ይታይሻል? አይታይሽም ብዬ እገምታለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አፈር ከላይ እየታጠበ መጥቶ ቤቱን ተደግፎታል። ጭቃው አሁን መሬት ውስጥ ነው ያለው። ያንን አፈር አንሺለት፣ ድንጋዩ ፀሐይ ይየው፣ ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ራቅ አድርገሽ ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቆፍሪ። ቦዩ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ታች መውጫ ይኑረው፣ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው የሚሆነው።

ክረምት ሳይገባ ይህንንና ጣሪያውን ብቻ ሥሪ። የሚያፈሰው ቆርቆሮ ዝጎ ከሳሳ ያንን ገጽ ቀይሪው፣ ምስማሩ ብቻ ከላላ ባለ ጎማ የቆርቆሮ ምስማር ምቺበት። አዲስ ስትገዢ ደግሞ ጌጁን ጠይቂ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ርካሽ ነው፣ እዚያ ነፋስ ላይ ግን አልመክርሽም። ግድግዳውን ክረምቱ እስኪወጣ አትንኪው። ሐምሌ ላይ ሲዘንብ እዚያው ሁኚ፣ ውሃው በየት መጥቶ በየት እንደሚሄድ በዓይንሽ እዪው። አንድ ክረምት ሳታይ የምታወጪው ገንዘብ ግማሹ በከንቱ ነው።

የማርቆሷ (ሚያዝያ 16)

አናጢው ቃለ ሕይወት ያሰማህ፣ የምለውን ግማሹን ጨረስከው። እኔ ደብረ ማርቆስ አጠገብ የእናቴን ቤት እንደገና ያስመረግኩት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አብዛኛውን በእጄ ነው የሠራሁት፣ ስለዚህ የእጄን ልንገርሽ።

ሲሚንቶውን አራግፊው፣ አትዘኚለት። ሲሚንቶ አንዴ ከደረቀ ግትር ነው፣ ጭቃ ግን እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሁለቱ አብረው አይኖሩም። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ከኋላ ጭቃውን ይበላዋል። ሆዱን ነፋ ያልሽው እሱ ነው። እናቴም ቤት አንድ ሰው እንዲሁ አድርጎት ነበር፣ ልስኑን ስናነሳ ከኋላው ማገሩ ሻግቶ አገኘነው።

የወደቀውን ጭቃ ግን አትጣይው። ሰብስቢው፣ ድንጋይና ሥሩን ልቀሚለት፣ እንደገና ይቦካል። አፈሩን ለማወቅ ከቦታው የእንቁላል ያህል በእጅሽ አድቦልቡለሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ሲደርቅ ከተሰነጣጠቀ መረሬ (የሚጣበቀው ጥቁር አፈር) በዝቶበታል፣ አሸዋና ጭድ ይፈልጋል። በጣትሽ ስትጨብጪው ከተፈረፈረ ደግሞ አሸዋ ነው፣ የሚይዝ አፈር ጨምሪበት። ጭድ የጤፍ ከሆነ ይመረጣል፣ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ያያይዘዋል። እናንተ ጋ ጤፍ የለም፣ ከቆላው በኩል ማስመጣት አለብሽ። የገብስ ጭድም ይሆናል፣ በደንብ የደቀቀ ይሁን። ከዚያ ጭቃው ተረግጦ ይከመርና ይቦካ። እኛ ሦስት ሳምንት ነው ያቆየነው፣ በየሦስት በአራት ቀኑ ውሃ እያጠጣንና እየረገጥን። ሽታው ከብት በረት ይመስላል። የበሰለ ጭቃ በእጅ ሲይዙት እንደ ሊጥ ይሳባል፣ ያልበሰለው ይቆራረጣል። ስትመርጊ ደግሞ ግድግዳውን ጫር ጫር አድርገሽ ውሃ እርጪው፣ ደረቅ ግድግዳ አዲሱን ጭቃ አይቀበልም።

ቁንጫው ወለሉ ላይ ነው ያለው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ የሚያድገው አቧራው ውስጥ ነው። የላዩን የላላ አፈር በአካፋ ጠርገሽ አውጪ፣ ከግቢ አርቀሽ ጣይው፣ ከዚያ ውሃ ረጭተሽ ጠቅጥቂና በእበት ለቅልቂው። ሲደርቅ ድገሚው። ሦስት ጊዜ ከለቀለቅሽ አቧራ አይነሳም፣ ቁንጫውም ማደሪያ ያጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጭስ። የእናቴ ቤት እሳት ሲነድበት ምንም አልነካውም ነበር። እሷ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ሄዳ ሁለት ዓመት ሲዘጋ ነው ነቀዙ እንጨቱን የጀመረው። እዚያ ቤት ውስጥ በሰባት ዓመት እሳት አልነደደም። አሁን በሄድሽ ቁጥር ጭስ ቤቱ ውስጥም ትልቁ ቤት ውስጥም እሳት አንድጂ፣ በርና መስኮቱን ከፍተሽ። እርጥበቱን ያወጣዋል። ከሰል አይደለም፣ እንጨት። ደግሞ እሳት እየነደደ ቤቱን ዘግተሽ እንዳትተኚ።

አናጢው (ሚያዝያ 17)

የማርቆሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ። እናንተ ጋ ያለው ውርጭ ማርቆስ የለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነው። ገና ያልደረቀ ምርጊት ሌሊት ውርጭ ከመታው ውስጡ ያለው ውሃ ይረጋና ጭቃውን ፈንቅሎ ያነሳዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ይራገፋል። ስለዚህ የውጩን ምርጊት መስቀል እንዳለፈ ቶሎ ጀምረሽ ኅዳር ሳይገባ ጨርሺ። ያልደረሰሽን ተዪው፣ ለጥር ይቆይ።

የሩቁ ልጅ (ሚያዝያ 17)

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ሰው በስልክ ቤት ሲያሠራ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ ብዬ ነው። የእናቴን የጭቃ ቤት ከአሥር ዓመት በፊት አስፈርሼ በብሎኬት አሠራሁላት። ያኔ ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ። እዚያ ሄጄ ያደርኩት በኋላ ታኅሣሥ ላይ ነው። ሌሊቱ ብርድ አጥንት ይበላል። ብሎኬቱ ስስ፣ ኮርኒስ የለው፣ ቆርቆሮው ከላይ። እናቴ በሁለት ብርድ ልብስ ላይ በርኖስ ደርባ ነበር የምትተኛው። የድሮው ግድግዳ ሁለት ስንዝር ጭቃ ነበር፣ ቀን የያዘውን ሙቀት እስከ ንጋት ይሰጥ ነበር። ይህን ሳላውቅ ነው ያፈረስኩት። «የድሮው ይሻል ነበር» ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን ግን ጭስ ቤት ውስጥ ተኝታ አገኘኋት፣ እሱ ብቻ ነበር ያልፈረሰው።

ብሎኬቱ ወንድሜ፣ አንተን ለመውቀስ አይደለም። የእናትህ ወገብ ይበልጣል። ግን ብሎኬትም ቢሠራ ኮርኒስ ይግባለት፣ ግድግዳውም ወፈር ይበል።

ብሎኬቱ (ሚያዝያ 17)

ልክ ነህ። ኮርኒሱን እኔም በሁለተኛው ዓመት ነው ያስገባሁት፣ መጀመሪያ ገንዘብ አልነበረም። የእኔ ቦታ ወይና ደጋ ስለሆነ ብርዱን አላሰብኩትም ነበር። እህቴ፣ ቋሚውን ውጊና ንገሪን፣ ከዚያ እንነጋገር።

ሰነድ ጸሐፊ (ሚያዝያ 18)

አጭር ነገር። አንዲት ሳንቲም ከማውጣትሽ በፊት ወረቀቱን ጨርሺ። የገጠር መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ የሚተላለፈው ይዞታው ነው። ደብተሩ በእማሆይ ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ስሙ መዛወር አለበት። «አንቺ ግቢበት» ያሉት ዘመዶችሽ ዛሬ ከልባቸው ነው ያሉት። ይህን ቃላቸውን ምስክር ባለበት በጽሑፍ አድርጊው። ቤቱ ተጠግኖ ግቢው ሲያምር የማያስታውስ ዘመድ እንዳይመጣ ነው። ድንበሩንም ከጎረቤቶችሽ ጋር አብራችሁ ዞራችሁ እዩት፣ አጥር ከመትከልሽ በፊት።

የጓሮ ሰው (ሚያዝያ 19)

ስለ ግቢው ማንም አልተናገረምና እኔ ልበል። እኔ እዚያው ሰሜን ሸዋ ነኝ።

ሳማውን አትርገሚው። ሳማ የሚወደው የከብት ፍግ የጠገበ አፈር ነው፣ ያ በረት የግቢው ምርጥ መሬት ነው። ከሥሩ ነቅለሽ ጎመንና ድንች አድርጊበት። ድንቹን ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከተከልሽው ውርጩ ሳይደርስበት ታወጪዋለሽ። የኅዳር ውርጭ የድንች ቅጠል በአንድ ሌሊት ነው የሚያጠቁረው፣ ማታ አረንጓዴ አይተሽው ጠዋት የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ብርድ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ነው የሚወርደው። ግቢሽ ተዳፋት ስለሆነ ከታች ባለው አጥር ሥር ይጠራቀማል። እዚያ ብርድ የሚፈራ ነገር አትትከዪ። ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ የሚመታውን በኩል፣ ለጤና አዳምና ለኮሰረት ስጪው።

ጌሾውን በአንድ ጊዜ አትጨፍጭፊው። ከግንዶቹ ሲሶውን ያረጀውን ከሥር ቁረጪ፣ ሲሶውን ለከርሞ፣ ሲሶውን ለከርሞ ወዲያ። ቁጥቋጦው ያቆጠቁጣል። ቅጠሉንም እንጨቱንም ገበያ ይወስደዋል፣ ለጠላም ለጠጅም የማይፈልገው ሰው የለም። እማሆይ ከዚያ ጌሾ ብዙ ነገር ገዝተውበት ይሆናል።

ባሕር ዛፎቹ ላይ ግን አልራራልሽም። አራት እርምጃ በጣም ቅርብ ነው። ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል፣ በነፋስ ቅርንጫፉ ቆርቆሮ ላይ ይወድቃል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር አያበቅልም። ደግሞ ገንዘብሽ እሱ ነው! አናጢው ላለው ድጋፍ ይሆንሻል፣ መሰላል ይሆንሻል፣ የተረፈውን ትሸጪዋለሽ። አጣና ገዥ እዚያው ድረስ ይመጣል። ግን ቆርጠሽ ብትተዪው ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በሁለት ዓመት ተመልሶ እዚያው ነው። ጉቶውን ማስወጣት አለብሽ፣ ካልሆነም የሚያቆጠቁጠውን በየጊዜው መገንጠል። ኮሶውን እንዳትነኪ። እሱ ከእማሆይም በላይ ያየ ዛፍ ሊሆን ይችላል።

አሸንዳ ስታስገቢ ውሃውን ዝም ብለሽ አትልቀቂው። ጣሪያሽ 50 ካሬ ሜትር ቢሆን 20 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን 1,000 ሊትር ውሃ ነው የሚያወርድልሽ። አንድ ሮቶ ሞላ ማለት ነው። ለጭቃውም ለጓሮውም ይሆናል።

የደጋዋ (ሚያዝያ 20)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንብቤ አንብቤ ለአጎቴም አነበብኩለት። አናጢው፣ ልክ ነህ። በዳገቱ በኩል ድንጋዩ አይታይም። እኔ መጀመሪያውኑ በዚያ በኩል ድንጋይ የሌለ ይመስለኝ ነበር።

የደጋዋ (ሐምሌ 24)

ንገሪን ብላችሁኝ ስለነበር የሆነውን ልጻፍ። ትምህርት ስለተዘጋ እዚሁ ነኝ፣ ይህን የምጽፈው ጭስ ቤቱ ውስጥ እሳት አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው።

ቋሚዎቹን ቆጠርኩ። 19 ናቸው፣ የሞቱት አራት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱ በዚያው በረጠበው ግድግዳ ላይ። ቁልፍ የያዙልን ጎረቤት በወጣትነታቸው ቤት ይሠሩ ነበርና አብረውኝ ነው የወጉት። ቢላው አልገባ ሲላቸው «ወይራ እኮ ነው!» እያሉ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። አራቱንም እግር በግንቦት ቀየርን። ከዳገቱ በኩል አፈሩን ስንቆፍር ድንጋዩ ከመሬት በታች ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሦስት ሰው አምስት ቀን ነው የፈጀበት። ድንጋዩ ሲወጣ ግን እንዴት እንደሚያምር! ሁሉም ተጠርቦ ነው የተደረደረው፣ ከታች ትልቅ፣ ወደ ላይ እያነሰ።

ትናንት ማታ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ዣንጥላ ይዤ ወጣሁ፣ እንደተባልኩት ውሃውን ልከተለው። ቦዩ ይዞታል፣ እንደ ወንዝ ነው የሚሄደው። ግን አንድ ያላሰብነው ነገር አየሁ። በጓሮ በኩል ባለው ጥግ ጣሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር እንኳ አይወጣም፣ ነፋሱ ዝናቡን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። ለዚያ ምን ይደረጋል?

ባሕር ዛፎቹ ተሸጡ። የቆርቆሮውና የአሸንዳው ወጪ ከዚያ ወጣ፣ ትንሽም ተረፈ።

አናጢው (ሐምሌ 25)

ጎሽ! እንደዚህ ያለ ሰው ነው ደስ የሚለኝ። ለጥጉ ከወጋግራው (ቆርቆሮውን ከተሸከመው የጣሪያ እንጨት) ጎን ተጨማሪ እንጨት ቀጥለሽ ቆርቆሮውን ቢያንስ ሦስት ስንዝር አስወጪው። ቅጥያው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከዋናው ወጋግራ ጋር ይያዝ፣ ጫፍ ላይ ብቻ ከተመታ ነፋስ ይገነጥለዋል። እስከዚያ ደግሞ አሮጌ ቆርቆሮ ካለሽ ግድግዳው ላይ ዘንበል አድርገሽ ደግፊበት፣ አየር እንዲገባው ከሥር ክፍት ተዪው።

የደጋዋ (ጥቅምት 14)

ምርጊቱ አለቀ ማለት ይቻላል። የማርቆሷ፣ ጭቃው ልክ እንዳልሽው እንደ ሊጥ ሲሳብ ነው የጀመርነው። የጤፍ ጭዱን ከቆላ ገበያ በአህያ አስመጣሁ። ጎረቤቶች ደቦ ወጡልኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሁለት ቅዳሜ። እንጀራና ሽሮ ወጥ ነበር ያቀረብኩት፣ ጠላውን የጠመቅነው ከራሱ ከግቢው ጌሾ ነው። ሴቶቹ ምርጊቱን ሲያስተካክሉ እኔ ጭቃ አቀባይ ነበርኩ። አንዲት እናት መዳፋቸውን ውሃ ነክረው ግድግዳው ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ቀስተ ደመና ይስቡታል፣ ጣቶቻቸው አምስት መስመር ይተዋሉ፣ ቀጣዩ ከሱ ጋር ይገጥማል። ሲጨርሱ ግድግዳው የዓሣ ቅርፊት ይመስላል።

ውስጥ እልፍኙ ላይ ያንኑ መስመር አገኘሁት። አንድ ግድግዳ ሳይረግፍ ቆይቷል፣ ጭሱ አጥቁሮታል፣ በመስኮት ብርሃን ከጎን ሲታይ የእማሆይ ጣቶች መስመር አለ። ትንሽ እጅ ነበራቸው። ያንን ግድግዳ አልነካነውም፣ አቧራውን ብቻ በለስላሳ መጥረጊያ አነሳሁለት።

ሲሚንቶ የነበረበትን የፊቱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ መርገነዋል፣ እስካሁን ስንጥቅ የለውም። ቁንጫው የለም። ሦስት ጊዜ ለቀለቅኩ፣ በሁለተኛው ነው የጠፋው። ወረቀቱም አልቋል፣ ሰነድ ጸሐፊ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ያልጠበቅነው ጥያቄ በእርግጥም መጥቶ ነበር፣ በሽማግሌ በሰላም አለቀ።

የቀረኝ የጓሮው ጥግ ግድግዳ ነው። ጣሪያውን ቀጥለናል፣ ምርጊቱ ግን አልደረሰም። ሰሞኑን ጠዋት ሳሩ ላይ ነጭ ነገር ማየት ጀምሬያለሁ። ልቀጥል ወይስ ላቁም?

አናጢው (ጥቅምት 14)

አቁሚ። ሳሩ ከነጣ ጊዜው አልፏል። ቆርቆሮውን እንደደገፍሽ ተዪውና ጥር ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ጨርሺው። የቦካው ጭቃ ከተረፈሽ በጭድ ሸፍኚው፣ ሲደርስ ውሃ ጨምረሽ ትረግጪዋለሽ።

የጓሮ ሰው (ጥቅምት 15)

ድንቹስ?

የደጋዋ (ጥቅምት 15)

ድንቹን ባለፈው ሳምንት አወጣሁት። ከሳማው ቦታ ሁለት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ግማሹን ደቦ ለወጡት አደልኩ። ጎመኑ ገና ነው፣ ማታ ማታ ጭድ አለብሰዋለሁ።

ጥጉን ለጥር ትቼዋለሁ። የጌሾ ችግኝ የሚፈልግ ካለ ደግሞ ይጻፍልኝ፣ ከቆረጥኩት ሥር ብዙ ወጥቷል፣ ደብረ ብርሃን ድረስ አመጣለሁ።